በቦውልስ ጨዋታ ስኪፕ (የቡድን መሪ) የሆናችሁ እስቲ ምከሩኝ፦ በእድሜ የሚበልጡኝን ሰው ቦውልዎ "አጥሯል" ብዬ እንዴት ነው የምናገረው?

ታፎ ጫፍ (ሰኞ ማታ 3፡10)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ምክር የምር ስለምፈልግ ነው።

ከአያት አለፍ ብሎ ታፎ ውስጥ በእድራችን አዳራሽ ሾርት ማት ቦውልስ እንጫወታለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለቅሶ ከሌለ ማለት ነው፣ ለቅሶ ካለ ምንጣፉ ይጠቀለልና አዳራሹ ለዛ ይሆናል። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ83፣ ርዝመቱ ከ12 ሜትር እስከ 13 ሜትር ከ70 የሚሆን አረንጓዴ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጃክ የምትባል ትንሽ ኳስ ወዲያኛው ጫፍ መሃል መስመር ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚህ ጫፍ ሆነህ ትልልቁን ቦውል እያንከባለልክ እሷ አጠገብ ማድረስ ነው። ቦውሉ ድቡልቡል ይምሰል እንጂ ወደ አንድ ጎኑ ያደላል፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይታጠፋል። ምንጣፉ መሃል ላይ ደግሞ 38 ሳንቲም የሚሆን እንጨት አግድም ይቀመጣል፣ እኛ ጉቶው ነው የምንለው፣ እሱን የነካ ቦውል ከጨዋታ ወጣ። ስለዚህ መሃል ለመሃል መተኮስ የለም፣ በጎን አውጥተህ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

በአራት ሰው ስንጫወት እያንዳንዱ 2 ቦውል አለው። ሊድ ይጀምራል፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መጨረሻ ላይ ስኪፕ። ስኪፕ ተራው እስኪደርስ ጃኳ ጋ ቆሞ ሌሎቹን ይመራል፣ በዚህ ግባ፣ ጨምር፣ ከኋላ አስቀምጥልኝ እያለ። ስኪፓችን የነበሩት አንድ ጋሼ ናቸው፣ ሰሜን አየርላንድ ብዙ ዓመት ኖረው ሲመለሱ ምንጣፉንም ቦውሉንም በኮንቴነር ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ለህክምና ወደ ልጆቻቸው ሄዱ፣ ሲሄዱ ትከሻዬን ይዘው "እስክመለስ አንተ ነህ የምትቆመው" አሉኝ።

እኔ 28 ዓመቴ ነው። ሊዳችን ጋሽዬ 67 ዓመታቸው ነው፣ እድሜ ልካቸውን በአሰብና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዱ ሰው፣ ልጆች ሆነን መስኮት ስንሰብር ጆሯችንን የሚይዙን። ሁለተኛዋ እትዬ ናቸው፣ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ የጎረቤት እናት። ሦስተኛው እኩያዬ ነው፣ እሱ ጋ ችግር የለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያለፈው ቅዳሜ ከኮተቤ በኩል የመጣ ቡድን ጋ ተጫወትን። የአዳራሻችን ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ከሚጫወተው ሰው በግራ በኩል መስኮቱ ስር ትንሽ ሰርጓል፣ በዛ በኩል የወጣ ቦውል አይመለስም እዛው ውጭ ይቀራል። ጋሽዬ ያን ቀን በግራ ነው የሚልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር። እኔ ከመጀመሪያው ነው ያየሁት፣ ግን "በቀኝ ያምጡት" የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። ቦውሉ አንድ ክንድ ርቆ ሲቆም "ጥሩ ነው ጋሽዬ፣ ጎበዝ" እላለሁ። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ዙር ብቻ 7 ነጥብ ገባብን፣ 14 ለ 9 ተሸነፍን። ሲያልቅ ጋሽዬ ሻያቸውን ጠጥተው ደህና ዋሉ ሳይሉኝ ወጡ።

መሸነፉ አይደለም ያመመኝ። ጥሩ ነው ያልኩት ውሸት ነበር፣ እሳቸውም አውቀዋል። በእድሜ የሚበልጧችሁን ሰዎች የምትመሩ እንዴት ነው የምትናገሩት?


ኮተቤ 02 (ሰኞ ማታ 4፡02)

ወንድሜ እኔ ያን ቀን እዛ ነበርኩ፣ ከኛ ወገን ሁለተኛ ሆኖ የተጫወተው ባለ ኮፍያው ነኝ። ስለመስተንግዷችሁ አመሰግናለሁ፣ የእትዬን ዳቦ አልረሳውም።

እውነቱን ልንገርህ፣ አፍህ ጥሩ ነው ይላል ሰውነትህ ግን ሌላ ያወራል። የጋሽዬ ሁለተኛ ቦውል ውጭ ሲቀር እጅህን አናትህ ላይ ጫንክ፣ ከዛ ወዲያ ዞር ብለህ መስኮቱን አየህ፣ ከዛ ነው ጎበዝ ያልከው። እኛ ሁላችንም አይተንሃል። ይሄን የምልህ ላሳፍርህ አይደለም፣ ስኪፕ የቆመበት ቦታ ምን እንደሆነ ሰው ስለማያስተውል ነው። ከሚላክበት ጫፍ ሆነህ ስታይ ቦውሎቹ ሁሉ ተደራርበው ነው የሚታዩህ፣ ጃኳ ፊት ያለው አንድ ስንዝር ይቅደም ሁለት ክንድ ይቅደም አትለይም። አይተህ የማታውቀውን ነገር የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እዛ የቆመው ሰውዬ። ስለዚህ የሚጫወተው ሰው ቦውሉን አይደለም የሚያየው አንተን ነው፣ ፊትህን እጅህን ትከሻህን። አንተ ካዘንክ እሱ ገና ያልላከው ሁለተኛው ቦውል አብሮ አለቀ።

የኛ ስኪፕ ሁለቱን እጆቹን ወደፊት አጣምሮ ነው የሚቆመው፣ ቦውሉ የትም ይሂድ እጁ አይፈታም። መጀመሪያ ላይ ኮስታራ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ።


የሊድስ ስደተኛ (ማክሰኞ ጠዋት 1፡25)

ከእንግሊዝ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ክረምት ክረምት እጫወታለሁ። ታፎ ውስጥ በእድር አዳራሽ ይሄ ጨዋታ አለ ሲባል ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ እኮ በየቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ነው የሚጫወቱት፣ ምንጣፉን ማታ ይዘረጋሉ ሲጨርሱ ጠቅልለው ወንበሩን ለእሁድ ይደረድራሉ፣ ልክ እንደናንተ።

ስለ ስኪፕ የምለው አለኝ። ቃሉ ስኪፐር ከሚለው ነው የመጣው፣ የመርከብ አዛዥ፣ እሱም ከደች ቋንቋ። በህጉም ቢሆን ቡድኑ በሙሉ በሱ ስር ነው፣ የሚጫወተው ሰው በየት በኩል እንደሚልክ ምን እንደሚሞክር የሚወስነው እሱ ነው፣ ክርክር ከተነሳ ሁለቱ ስኪፖች ተነጋግረው ይፈቱታል። ግን ስልጣኑ ተራ ያለው ነው። የራሱ ተራ ደርሶ ወደዚህኛው ጫፍ ሲመጣ ጃኳ ጋ የሚቆመው ሦስተኛው ነው፣ ያኔ ስኪፑም እንደማንኛውም ሰው ሦስተኛውን ይሰማል። ይሄን ለጋሽዬ ብትነግራቸው ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚላክበት ጫፍ ላይ ሲቆም አያይም፣ አንተም ጭምር።

ሌላ ነገር፣ በተቃራኒ ቡድን ተራ ጊዜ ጃኳ አጠገብ አትቁም፣ ምንጣፉ የነሱ ነው፣ ወደኋላ ብለህ ዝም በል፣ ጥላህም እንዳይወድቅ። ብዙ አዲስ ስኪፖች ይሄን ይረሳሉ።


አምበል 6 ቁጥር (ማክሰኞ ጠዋት 4፡40)

እኔ ቦውልስ አላውቅም ግን ለ11 ዓመት የሰፈር ቡድን አምበል ነበርኩ ካራ ላይ፣ ስለዚህ ልናገር። ለምን ስኪፕ ስኪፕ ትላላችሁ አምበል የሚል ቆንጆ ቃል እያለን? ደግሞ አምበል ከሆንክ ታላቅ ታናሽ የለም። ሜዳ ውስጥ 40 ዓመት የሞላው ተከላካይ ነበረን "ውጣ!" ብዬ ጮኬበታለሁ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ አልቋል። ሜዳ ሌላ ቤት ሌላ።


ኮተቤ 02 (ማክሰኞ ቀን 6፡15)

አምበልዬ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አምበል ለዚህ ቦታ አይሆንም ባይ ነኝ። አምበል ከነሱ ጋ አብሮ የሚሮጥ ነው፣ እነሱ ያዩትን ነው የሚያየው፣ የሚጮኸውም ከመሃል ሆኖ ነው። ስኪፕ ግን በሌላኛው ጫፍ ለብቻው የቆመ ነው፣ 12 ሜትር ርቆ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ አዙሮ። ከቡድኑ 8 ቦውል 6ቱ እሱ ሳይነካቸው ነው የሚያልፉት፣ በአፉ ብቻ ነው የሚያልፉት ማለት ይቻላል። ኳስ ውስጥ ከሆነ ይልቅ ግድግዳ የሚያሰራው በረኛ ይቀርበዋል።


አምበል 6 ቁጥር (ማክሰኞ ቀን 6፡31)

በረኛ ስትል ገባኝ። እሺ። ግን የተቆጣ በረኛም እኮ ጎል ያስገባል፣ የእኛው በረኛ ተከላካዮቹን ሲሳደብ ውሎ ራሱ ነው ያገባው የነበረ።


የሊድስ ስደተኛ (ማክሰኞ ማታ 2፡50)

ቴሌቪዥን ላይ ማየት ለምትፈልጉ የክረምት ኦሎምፒክ ሲመጣ ከርሊንግ እዩ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱት። እዛም ስኪፕ ነው የሚባለው፣ ወዲያኛው ጫፍ ቆሞ በመጥረጊያው እንጨት "እዚህ ጋ አነጣጥር" ይላል። በ1998 የካቲት ወር ሮቤል ተክለማርያም ቱሪን ላይ ለኢትዮጵያ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር እሱን ልናይ ተሰብስበን ከርሊንግ ላይ ደረስን፣ እኔ ይሄን የስኪፕን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ያየናት ሴት ስኪፕ ድምጿ አዳራሹን ያናውጠዋል ፊቷ ላይ ግን ቁጣ የለም። ድምፅና ቁጣ ለየቅል ናቸው።


ሰሚት 72 (ረቡዕ ጠዋት 3፡05)

እኔ ሦስተኛ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ከሁለት ስኪፕ ጋ ተጫውቻለሁ፣ ስለዚህ ከታች ሆኖ ስኪፕ ምን እንደሚመስል ልንገርህ ወንድሜ።

የመጀመሪያው ስኪፓችን በጣም ነው የሚችለው፣ መጨረሻ ላይ በራሱ ሁለት ቦውል የጠፋ ዙር ያድናል፣ ሰው ያጨበጭብለታል። ግን እኛን ሲመራ አንድ ጊዜ ላይ አራት ነገር ይናገራል፣ "በቀኝ ግቢ፣ አታሳጥሪ፣ ግን አታስረዝሚ፣ የነሱን እንዳትነኪ፣ ብትችይ የኛን ግፊው"። ቦውሉን ይዤ ጎንበስ ስል ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የሱ ድምፅ ነው እጄን አላገኘውም። ሁለተኛው ስኪፕ ከሱ ያነሰ ተጫዋች ነው። እሱ ግን ዝም ብሎ ያያል፣ መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያያል፣ ከዛ ይነሳና በመሀረቡ ምንጣፉ ላይ አንድ ቦታ ጠቁሞ "እዚህ" ይላል። አለቀ። እኔ እዛ እልካለሁ። ከሱ ጋ ስጫወት የተሻልኩ ተጫዋች ነኝ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር አሁን ይሄን ስጽፍ ነው የገባኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አደራ፣ ሦስተኛህን ጠይቀው። ርቀት የሚለካውና ነጥቡን ከተቃራኒው ሦስተኛ ጋ የሚስማማው እሱ ነው፣ ቦውሎቹን ከቅርብ ያያቸዋል። አንተ ተራህ ሲደርስ ከመሄድህ በፊት "ምን ታያለህ" ብለህ ጠይቀው። መልሱን ብታውቀውም ጠይቀው።


ገዳዲ ማዶ (ረቡዕ ቀን 8፡20)

ጥያቄ አለኝ፣ ስንት እየተመራን እንደሆነ ለተጫዋቹ ይነገራል ወይስ አይነገርም? የኛ ስኪፕ "አራት ገብቶብናል!" (የነሱ አራት ቦውል ከኛ ይልቅ ለጃኳ ቀርቧል ማለት ነው) እያለ ከወዲያ ይጮሃል፣ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል።


ኮተቤ 02 (ረቡዕ ቀን 9፡00)

ይነገራል ግን እንዴት? ሰውዬው ለመወሰን የሚያስፈልገውን ያህል። የቀረበው የነሱ ቦውል ጃኳን ተደግፎ ከቆመ "የነሱ ነው፣ ከጎኑ ግባ" በቂ ነው። አራትና አምስት እያሉ መቁጠር ለስኪፑ ራሱ ነው የሚጠቅመው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ እሱ ነው ሂሳቡን የሚዘጋው። አራት ከገባብህ አንድ ቦውል ብቻ በመሃል ብታስገባ አራቱ ወደ አንድ ይወርዳል፣ ወይ የአንተ ይሆናል። ማሸነፍ ባይቻል እንኳ ማሳነስ ይቻላል፣ ብዙ ጨዋታ በዚህ ነው የሚተርፈው። አንዳንዱ ስኪፕ አራት ሲያይ ይናደድና ያለ የሌለ ጉልበቱን ተጠቅሞ ይመታል፣ አራቱ ስድስት ይሆናል።


ቡራዩ ከታ (ረቡዕ ማታ 1፡45)

እኔ ልጆች አሰለጥናለሁ፣ አንድ የሚሰራልን ነገር ልጨምር። ስለ ርቀት ስትናገሩ "ትንሽ ጨምር" አትበሉ። የኔ ትንሽና ያንተ ትንሽ አንድ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ተስማሙ፣ እኛ ክንድ፣ ስንዝር፣ ጣት ነው የምንለው። "አንድ ክንድ አጥሯል" ካልኩት ልጁ ክንዱን ያውቃል፣ አያቱም ታውቃለች፣ ሜትር ግን ማንም በዓይኑ አይለካም። በአፍ የማይደርስ ከሆነ በእጅ፣ ሁለት መዳፍህን ከፍተህ ርቀቱን አሳየው፣ ከጃኳ ፊት ለፊት ከሆነ ዝቅ አድርገህ፣ ከኋላ ከሆነ ከፍ አድርገህ።

እና ለታፎው ወንድማችን፣ ይሄ የአክብሮቱን ነገርም ያቀልልሃል። "አጥሯል" ስትል ስለ ሰውየው የተናገርክ ይመስላል። "አንድ ክንድ ይጨምሩ" ስትል ግን ስለ ክንዱ ነው። አማርኛችን አንቱታ አለው፣ ይግቡ ይጨምሩ ይቀንሱ ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ እናቴን በየቀኑ ቁጭ ይበሉ እላት የለ።


ታፎ ጫፍ (ረቡዕ ማታ 4፡30)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮተቤ 02 እጄን አናቴ ላይ መጫኔን አላውቅም ነበር፣ ሦስተኛችንን ጠየቅኩት "ሁሌም ታደርጋለህ" አለኝ። ሰሚት 72 የመሀረቧን ነገር ወስጃታለሁ።

አንድ ያልመለሳችሁልኝ ግን አለ። ያለፈውን ምን ላድርገው? ዝም ብዬ ቅዳሜ ልጀምር ወይስ ሄጄ ይቅርታ ልበላቸው?


ሰሚት 72 (ረቡዕ ማታ 4፡41)

ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ።


ገዳዲ ማዶ (ሐሙስ ጠዋት 2፡00)

ሂድ፣ ብርቱካን ያዝ።


ታፎ ጫፍ (ቅዳሜ ማታ 2፡20)

ተመልሻለሁ። ዓርብ ማታ ሄድኩ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ። መብራት አልነበረም፣ ጋሽዬ ጋቢ ለብሰው ሻማ አጠገብ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ቅዳሜ እውነቱን አልነገርኩዎትም አልኳቸው። ብርቱካኑን ተቀበሉና መላጥ ጀመሩ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ሆኖ እስኪወርድ ምንም አላሉም። ከዛ "እኔ ረዳት ስቀጥር ምን እንደማይ ታውቃለህ?" አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

የነገሩኝን በሳቸው አነጋገር ልጻፈው፣ "ሚሌ ላይ ለሊት ደርሰህ ተሳቢውን ወደ ኋላ ታስገባለህ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ መኪናውን 30 ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ረዳቴ 16 ዓመቱ ነው፣ ጢም የለውም። ግን ከኋላ ያለውን የሚያየው እሱ ነው። ና፣ ና፣ ግራ፣ ና፣ ቁም! ሲለኝ እቆማለሁ። ለምን ትጮህብኛለህ እለዋለሁ? አንዴ አንድ አዲስ ልጅ ያዝኩ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ በጣም ያፍረኛል። ስመልስ ድምፁ ጠፋ። ጋሼን ቁም ለማለት አፍሮ ነው። ተሳቢው ግንቡን አገኘው። ያን ቀን ነው ተቆጥቼ የማውቀው፣ አንተ ልጅ ምነው አልጮህክም ብዬ።" ከዛ ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝና "ቅዳሜ ግንብ አስመታኸኝ" አሉኝ።

አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል፣ ጨለማ ስለነበር አልታየም።

ዛሬ ደግሞ ተጫወትን፣ ከአያት 49 አካባቢ ከመጡ ሰዎች ጋ። አንዷን ዙር በዝርዝር ልንገራችሁ ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ ያላችሁት ሁሉ እሷ ውስጥ ነበር። 12ኛው ዙር ነው፣ በ2 እየተመራን። የጋሽዬ የመጀመሪያ ቦውል በግራ ወጣና እዛው መስኮቱ ስር ቀረ። እጆቼን ወደፊት አጣምሬ ቆሜያለሁ። ልቤ ይመታል። "ጋሽዬ፣ በቀኝ በኩል ያምጡልኝ፣ አንድ ክንድ ይጨምሩ" አልኩ፣ ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። በመሀረቤ ምንጣፉ ላይ ጠቆምኩ። ጋሽዬ ቦውሉን በእጃቸው አገላበጡት፣ ትንሿ ምልክት ያለችበትን ጎን ወደ ውስጥ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጉልበታቸው ቋ አለ እስከኔ ተሰማኝ። ቦውሉ በቀኝ ወጣ፣ ከጉቶው ጎን ሁለት ጣት ያህል ርቆ አለፈ፣ ከዛ መዝገም ሲጀምር ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ ጃኳን ጠቅ አደረጋትና አጠገቧ ቆመ። ሦስተኛችን ሮጦ ጠመኔ አመጣ። ጃኳን የነካ ቦውል ምልክት ይደረግበታል፣ በኋላ ቢመታና ከምንጣፉ ጫፍ ያለው ቦይ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይሞትም።

አሁን ነጥቡ የኛ ነው። የእትዬ ተራ መጣ። ቀላሉ ነገር ሌላ አስጠጊ ማለት ነበር። እኔ ግን አየሁ፣ የኛ ሁሉ ፊት ላይ ነው ከጃኳ ኋላ ማንም የለንም፣ የነሱ ሦስተኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲመታ የዋለ ሰው ነው። "እትዬ ከጃኳ አሳልፈው ሁለት ክንድ ያስቀምጡልኝ" አልኳቸው። እትዬ ተገርመው አዩኝ፣ "አሳልፌ?" አሉ፣ "አዎ አሳልፈው"። አሳልፈው አስቀመጡ። ከአያት የመጡት ሰዎች እትዬ ያበላሹ መስሏቸው ተያዩ።

የነሱ ሦስተኛ እንዳልኩት መታ። በኃይል። የጋሽዬ ቦውል ወደ ጎን ሄደ፣ ጃኳ ወደ ኋላ ተንከባለለች ተንከባለለችና የት ብትቆም ጥሩ ነው፣ የእትዬ ቦውል ሥር። እትዬ ያዩት ከዛ ጫፍ ሆነው አይደለም፣ ያዩት እኔን ነው። ሁለት እጄን ከፍ አደረግኩላቸው፣ እልል አሉ፣ በእድር አዳራሽ ውስጥ እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የኔ ተራ ሲደርስ ሦስተኛችንን "ምን ታያለህ" አልኩት። "በግራ ክፍት ነው" አለ። በግራ ደግሞ ወለሉ የሰረገበት ነው፣ እኔ በቀኝ ነበር የፈለግኩት። ግን እዛ ቆሞ የሚያየው እሱ ነው ብዬ በግራ ጠበብ አድርጌ ላክኩ፣ ገባ። በዛ ዙር 3 አገኘን።

በመጨረሻ በ1 ነጥብ ተሸነፍን፣ 12 ለ 11፣ 15ኛው ዙር ላይ እኔ አስረዝሜ። ጋሽዬ ሲወጡ ኮፍያቸውን አድርገው በሩ ጋ ዞር አሉና "ደህና ዋል ረዳት" አሉኝ።


ሰሚት 72 (ቅዳሜ ማታ 2፡34)

ውይ ጋሽዬ። እድሜ ይስጥልን።


የሊድስ ስደተኛ (ቅዳሜ ማታ 3፡00)

የእትዬን ቦውል ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነጥቡ የአንተ ሆኖ ሳለ ከኋላ ማስቀመጥ ብዙ ስኪፕ ዓመታት ፈጅቶበት ነው የሚማረው፣ ምክንያቱም ሲደረግ አያምርም፣ ሰው አያጨበጭብም፣ ዳር ላይ ያለ ሰው ስህተት ነው የሚመስለው። እትዬ ደግሞ ሳይገባቸው ስላመኑህ እሳቸውም ትልቅ ተጫዋች ናቸው። ለምን እንደሆነ በኋላ አስረድተሃቸዋል? አስረዳቸው፣ በሚቀጥለው ሳትነግራቸው ራሳቸው ያስቡታል።


ታፎ ጫፍ (ቅዳሜ ማታ 3፡12)

ቡና ላይ ስኒ ደርድሬ አሳየኋቸው፣ ጀበናው ጉቶ ሆኖ። አሁን እናቴም ገብቷታል።


አምበል 6 ቁጥር (ቅዳሜ ማታ 3፡40)

እኔ ይሄን ጨዋታ ማየት አለብኝ። ሰው ትቀበላላችሁ? ጉልበቴ ተጎድቷል ኳስ ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው፣ መሮጥ ከሌለው እችላለሁ።


ኮተቤ 02 (ቅዳሜ ማታ 3፡55)

አምበልዬ ና፣ መሮጥ የለም፣ ቦውሉ ቢከብድ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፣ በተለያየ መጠን ስላለ ለእጅህ የሚሆነውን እንመርጥልሃለን። ሊድ ሆነህ ነው የምትጀምረው ግን፣ ስኪፕ ለመሆን አትቸኩል።

ታፎዎች የሚቀጥለው ቅዳሜ እኛ ጋ ናችሁ። የኛ ወለል ሴራሚክ ነው፣ ምንጣፉ እናንተ ጋ ካለው ይፈጥናል፣ ስለዚህ ስኪፑ ቀደም ብሎ መጥቶ ጥቂት ቦውል ልኮ በሁለቱም በኩል ይየው። በር ላይ ያለው ጥግ ትንሽ ይስባል፣ ከዚህ በላይ አልነግርህም።


ታፎ ጫፍ (ቅዳሜ ማታ 4፡05)

3 ሰዓት ተኩል ከሆነ ጨዋታው እኔና ጋሽዬ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን፣ ሚኒባሱ ከተገኘ። ጠመኔ እኛ እንይዛለን፣ የእናንተ ባለፈው አልቆ ነበር። ለቅሶ ካለ እደውላለሁ።